የነገሳ ቅናትና የሀዊ ዛጎሎች

ሀዊ ምርምር ማዕከሉ የገባች ሰሞን ሰፈሩን በወሬ ያሰለቸው ራሱ ነገሳ ነበር። በሚነዳው ሰርቪስ የሚሳፈሩትን የመሥሪያ ቤት ሰዎች «ሚስቴ እኮ ላብራቶሪ ገባች» እያለ ሲነግራቸው፣ ደጋግመው የሰሙት ሁሉ ፈገግ ብለው ያልፉት ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ ጋውኗን የሚያጥበው እሱ ነው። አጥቦ ሲጨርስም የሚያሰጣው ጎረቤት በሚያየው በኩል ነበር።

ነገሳ ዱሬሳ ተወልዶ ያደገው መሪ በሚባለው ሰፈር ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ሜዳ ያን ጊዜ የአባቱ የአቶ ዱሬሳ የጤፍና የምስር ማሳ ነበር። እሱም እንደ አባቱ ገበሬ ሊሆን ነበር ያደገው። አፈሩን በጣቱ ፈትጎ ዝናብ መጥገቡን አለመጥገቡን ይለይ ነበር። ከተማው ሰፍቶ መሬቱ ሲሄድ ገና ጢሙ ማቀምቀሙ ነበር፤ ያ እውቀቱ ባንድ ክረምት የትም የማይሸጥ ሆነ። አባቱ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ነገሳ መንጃ ፈቃድ አወጣና ገልባጭ ያዘ፤ አሸዋና ጠጠር አመላለሰ። አንዳንድ ቀን የጫነውን የሚያራግፈው እዚያው አባቱ ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ለማንም አያወራም።

ከሀዊ ጋር የተዋወቁት ቤተ ክርስቲያን ነው። እሷ መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ድምፅ ስላልታደለ የመዘምራኑን መኪና ይነዳ ነበር። ኬሚስትሪ ተምራ በዲፕሎማ የቀረች ልጅ ነበረች። ተጋብተው ፀዲን ከወለዱ በኋላ ቤት ስትውል ፊቷ እየጠወለገ ሲሄድ ያየው እሱ ነው። «ማታ ማታ ተማሪ፤ ልጅቷን እኔ እይዛለሁ» አላት። እንዳለውም ያዘ። ክፍል እስክትጨርስ ፀዲን ጭኑ ላይ አስተኝቶ መኪና ውስጥ ይጠብቃት ነበር። ስትመረቅ ከሷ ይልቅ ያለቀሰው እሱ ነው። ስለዚህ ሀዊ ጋውን ስትለብስ ነገሳ ግማሹን እሱ ራሱ የለበሰው ይመስለው ነበር።

ማዕከሉ ከኮተቤ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት የተራራው ጥግ ያለ አሮጌ ግቢ ነው። እዚያ ዶክተር አስቴር የምትባል ተመራማሪ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቅ የሚለቀም ዛጎል ታስመጣለች። ሲያዩት ድንጋይ የሚመስል፣ ሲከፈት ግን በሁለት ክዳኖቹ መሃል ለስላሳ ሥጋ ያለው የውሃ እንስሳ ነው። የኛ ሰው አይበላውም። ሆቴሎች ግን ለውጭ እንግዶቻቸው ይፈልጉታል፤ ዓሣ አስጋሪዎቹም ቢሸጡት ይወዳሉ።

«ታዲያ ምን ቸገራችሁ? ለቅሞ መሸጥ ነዋ» አላት ነገሳ፣ ሥራ የጀመረች ሰሞን ራት ላይ።

«ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲስብና ሲተፋ ነው የሚውለው» አለች ሀዊ። ጉርሻዋን ረስታ እጇን ታወራጫለች። «በሐይቁ ዙሪያ ማሳ ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል አይደል? ዝናብ ያጥበውና ሐይቁ ይገባል። ዛጎሉ ከውሃው ጋር ይስበዋል፤ መርዙ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ብትቀቅለውም አይለቅም።»

የነገሳ እናት ወይዘሮ ጂቱ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ ሀዊ «አዮ»፣ እናቴ፣ ትላቸዋለች። አማርኛቸው በኦሮምኛ የታሸ፣ ቀልድ የማያልፋቸው ሴት ናቸው። ወጡን እያማሰሉ «ታዲያ እናንተ ምን ታደርጉታላችሁ?» አሉ።

«ንፁህ ውሃ ውስጥ እናኖረዋለን አዮ፤ ቀስ እያለ የያዘውን ይለቃል። የለቀቀውን መልሶ እንዳይጠጣው ደግሞ ውሃውን እያዞርን በመብራት ሥር እናሳልፈዋለን። አልትራቫዮሌት ይባላል፤ ዓይን የማያየው ብርሃን ነው። ውሃው የሚፈስበት መስታወት ላይ ነጭ ዱቄት ተቀብቷል። ብርሃኑ ዱቄቱ ላይ ሲያርፍ መርዙ ይሰባበራል። ውሃው ሲጠራ ለዛጎሉ ይመለስለታል።»

«ቀንድ አውጣ ገላ ታጥባለሽ በይኛ ሀዊ ኮ፣ የኔ ልጅ!» አሉ ወይዘሮ ጂቱ። «ልጄን ትተሽ ለቀንድ አውጣ ውሃ ማሞቅ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ነገሳም ሳቀ።

ሳቁ የቆየው የሬድዋን ስም ራት ላይ መመላለስ እስኪጀምር ነው። ሬድዋን ከሀዊ ጋር የሚሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ያላገባ፣ ዝግ ብሎ የሚያወራ ልጅ። መጀመሪያ «ሬድዋን የሚባል ልጅ አለ» ነበር። ቀጥሎ «ሬድዋን እንዲህ ብሎ አሳቀን» ሆነ። ከዚያ «እኔና ሬድዋን» መጣ። ነገሳ ምስር እየበላ ጠጠር የነከሰ ሰው ይመስል ስሙ በተነሳ ቁጥር ማኘኩን ያቆማል። ሀዊ ግን ልብ አትልም።

አንድ ቀን በዓይኖቿ ዙሪያ ቀይ ክብ ምልክት ይዛ ገባች።

«ምንድን ነው ፊትሽ ላይ?»

«መነጽሩ ነው። መብራቱ በርቶ ክፍሉ ውስጥ ከሆንን መነጽር ግድ ነው። ዛሬ የመብራቱን ኃይል ስንለካ ዋልን፤ ሌላው መብራት ሁሉ ጠፍቶ።»

«በጨለማ?»

«በጨለማ። ሌላ ብርሃን ካለ መለኪያው ይሳሳታል።»

«ስንት ሆናችሁ?»

ሀዊ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። «ሁለት» አለች፤ ምንም ሳይመስላት።

የሰርቪስ ሹፌር ጧት ሠራተኛ ካደረሰ ማታ እስኪመልስ ድረስ ሥራ የለውም። ሌሎቹ ሹፌሮች ካርታ ይጫወታሉ ወይም መኪናው ውስጥ ይተኛሉ። ነገሳ ድሮ ከሁሉም ቀድሞ የሚያንኮራፋ ነበር። አሁን ግን መገናኛ አጠገብ ያቆማትን መኪና መሪ ተደግፎ በሐሳቡ ያቺን ጨለማ ክፍል ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል። ሀዊ እጇን በሎሚ እየፈተገች መታጠብ ጀምራለች፤ የዛጎሉ ሽታ አልለቅ ብሏት ነው። እሱ ግን «ለማን ልትሸት ነው?» ብሎ ያብሰለስላል። ስልኳ ሲጮህ ስክሪኑን ያያል፤ የማያየው ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበው ግን ለማንም ሊነግረው የማይችለው ነገር ነበር። ሀዊ ስለ ዛጎሎቹ ስታወራ ፊቷ ይበራል። «ዛሬ ሁሉም ከንፈራቸውን ከፈቱ፤ ውሃውን ወደውታል ማለት ነው» ስትል እንደ ልጅ ትሆናለች። ነገሳ ያንን ፊት ቤት ውስጥ ለራሱ ፈልጎ አጣው። ለሱ የቀረው የደከመው፣ «ውሃ መጥቷል? ፀዲ በልታለች?» የሚለው ፊት ነው። የበራውን ማን እንደሚያየው ደግሞ ያውቃል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ለእናቱ በርበሬ ሊገዛ ሾላ ገበያ ወረደ። የፕላስቲክ ዕቃ ከሚሸጥበት በኩል ሲያልፍ የሀዊን ሳቅ ሰማ። ቀና ቢል እሷ ናት። ትልቅ ሳፋ አንስታ ወደ ፀሐይ አድርጋ ቀዳዳ እንዳለው ታያለች። አጠገቧ ረዘም ያለ ልጅ ሌሎች ሳፋዎች ደራርቦ ታቅፏል፤ ሬድዋን መሆኑን ነገሳ ወዲያው አወቀ። «ይሄኛው ይሻለናል፤ ሰፋ ይላል» ትለዋለች። ባለሱቋ ሴት ደግሞ «አዲስ ቤት የምትገቡ ነው የምትመስሉት፤ ይባርክላችሁ!» አለች። ልጁ ሳቀ። ሀዊም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «አይደለንም» አላለችም።

ነገሳ በርበሬውን ረስቶ ተመለሰ። ደረቱ ውስጥ የጋለ ምጣድ የተጣደ ያህል ነበር። ሄዶ መጥራት ነበረበት። «ሀዊ!» ቢላት ዞር ብላ «ውይ ነገሳ!» ትለው ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። እግሩ ግን አልታዘዘውም። ምናልባትም እንዲያልቅ አልፈለገም ይሆናል።

ያን ዕለት ራት ላይ «ዛሬ የት ዋልሽ?» አላት።

«የት እውላለሁ? ሥራ ነዋ።»

እውነቷን ነበር። ለነገሳ ግን ያቺ አጭር መልስ የሚፈልጋት ማስረጃ ሆነች። «ሾላ አላለችም» እያለ ሲገላበጥ አደረ።

ከዚያ ወዲህ ማዕከሉ በር ላይ መመላለስ አመጣ። ዘበኛው ጋሽ ሰቦቃ ያውቁታል፤ «ሰላም ነህ የሀዊ ባል?» እያሉ አግዳሚው ላይ ያስቀምጡታል። የዛጎሉ ክፍል ከግቢው ጫፍ ነው። ከበሩ በላይ ቀይ አምፖል አለ፤ እሱ ሲበራ ማንም አይገባም። ነገሳ ተቀምጦ ያንን አምፖል ያያል። ለሌላው ሰው ማስጠንቀቂያ ነው። ለሱ ግን ከውስጥ የሚሳለቁበት ዓይን ይመስለዋል።

የሆነውም በዚህ ዓይነት ቀን ሆነ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከእንጦጦ በኩል ጉም እየወረደ ባሕር ዛፉን ሸፍኖታል። ነገሳ ሲደርስ ቀዩ አምፖል በርቷል።

«ማን ማን አለ ውስጥ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሀዊና ሬድዋን ናቸው» አሉ ጋሽ ሰቦቃ። «ቁጭ በል፤ ይወጣሉ።»

ቁጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ሳቅ ሰማ። አንዴ ብቻ ነበር፤ የሀዊ ሳቅ። ነገሳ ሲነሳ ለራሱም አልታወቀውም። ጋሽ ሰቦቃ «አንተ! ተው! አምፖሉን እየው!» እያሉ ሲከተሉት በሩን ገፍቶ ገባ። የክፍሉ ቁልፍ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ሰው የሚከለከለው በአምፖሉ ብቻ ነበር።

ክፍሉን ሰማያዊ ብርሃን ወርሶታል። ሁልጊዜ የሚሸፈኑት ረጃጅም አምፖሎች ለልኬት ተገልጠው በርተዋል። ሀዊና ሬድዋን ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ትከሻ ለትከሻ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። እሱ ትንሽ ዕቃ መብራቱ ሥር ይዟል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ቁጥር ታነባለች። ሁለቱም ፊታቸውን የሚሸፍን መነጽር፣ ረጅም ጓንት አድርገዋል። ዙሪያውን በየሳፋው ዛጎሉ ተኝቷል።

«ነገሳ? ዓይንህን ጨፍን! ውጣ!» ብላ ጮኸች ሀዊ።

«ምን እንዳላይ ነው የምጨፍነው?»

«መብራቱ! ዓይንህን!» አለችና ወደ ማጥፊያው እጇን ሰደደች። ነገሳ እጇን ያዘ። ከሱ ልትሸሽ መስሎት ነበር።

«ሾላ ከማን ጋር ነበርሽ? በይ ንገሪኝ! ጨለማ ውስጥ ምን ያስቃል?»

«ልቀቀኝ ነገሳ! እያቃጠለህ ነው!»

«አዎ፤ አቃጥለሽኛል!»

ወደ ኋላ ስትስበው ክርኑ የውሃውን ቱቦ መታ። ቱቦው ተፈናጥሮ ወጣ፤ ውሃው ወለሉን አጥለቀለቀው፤ ሳፋዎቹ ተገልብጠው የታጠበው ዛጎል ካልታጠበው ጋር ተደባለቀ። ሬድዋን ዞሮ ማጥፊያውን እስኪያገኘው ድረስ ነገሳ ፊቱን ወደነደደው መብራት እንዳዞረ ሲጮህ ነበር። ክፍሉ ሲጨልም የሁሉም ትንፋሽ ብቻ ተሰማ፤ የሚንጠባጠበው ውሃም።

ሬድዋን በሩን ከፈተና «ነገሳ፣ ዓይንህ ዛሬ ያምሃል፤ ሐኪም ቤት ሂድ» አለው። አልጮኸም። ነገሳን ያበሸቀው ይኸው አለመጮሁ ነበር። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

«ምንም አልሆንኩም» ብሎ ወጣ።

በእርግጥም ያን ሰዓት ምንም አልነበረም። ሰርቪሱን ነድቶ ሠራተኞቹን አደረሰ። ቤት ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው የጀመረው። መጀመሪያ አቧራ የገባበት መሰለው። ቆይቶ ዓይኖቹ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ሆነ። እንባው ይወርዳል፤ መግለጥ አይችልም፤ የአምፖል ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋዋል።

«ብየዳ የመታው ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። ድንች ቁረጡና ዓይኑ ላይ አድርጉለት!» አሉ ወይዘሮ ጂቱ። ሀዊ ግን ድንቹን አልጠበቀችም። ክንዱን ይዛ ታክሲ ውስጥ አስገባችው፤ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ የዓይኑ ላይኛው ሽፋን መቃጠሉን፣ እንደሚድንም ነገረው። ጠብታ ሰጠውና ሁለቱንም ዓይኖቹን በጨርቅ እንዲሸፍን አዘዘ።

ቤት አስተኛችው። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ዓይኑ ላይ አደረገች። ነገሳ አያያትም፤ ጨርቁን ስትጨምቀው የውሃውን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዝምታዋ ከቃጠሎው ባሰበት።

«ሾላ አይቻችኋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሳፋ ስትገዙ።»

«ሳፋ ስንገዛ» ብላ ደገመችው። «ለዛጎሎቹ ነዋ ነገሳ። አይተኸኝ ነው ያልጠራኸኝ?»

«ሴትዮዋ አዲስ ቤት የምትገቡ ትመስላላችሁ ስትላችሁ ሳቅሽ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? የቀንድ አውጣ ቤት ነው ልበላት?» ድምፅዋ ሊስቅ ብሎ ተሰበረ። «የተናደድኩት ስለጠረጠርከኝ ብቻ አይደለም፤ እሱንስ ከሰነበተ አውቄዋለሁ። እጄን ነው የያዝከው። አንተን ላድን የሰደድኩትን እጅ ነው የያዝክብኝ። ያንን እንዴት አድርጌ እንደምረሳው አላውቅም።»

ከጨርቁ ሥር የሚወርደው እንባ የቃጠሎው ይሁን የሌላ አልለየም። ነገሳ ዓይኑ ባይሸፈን ኖሮ የማይደፍረውን ተናገረ።

«ስለ ዛጎሎቹ ስታወሪ ፊትሽ ይበራል። ለኔ ግን አይበራም።»

ሀዊ ጨርቁን አንስታ በሌላ ቀየረችው።

«አንተ ስለ አባትህ ማሳ ስታወራ ፊትህ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ?» አለችው። «መዘምራኑን ይዘኸን በመሪ ስናልፍ፣ እዚህ ጋ ምስር ነበር፣ እዚያ ጋ ጤፍ ነበር ስትለኝ ያየሁት ፊት ነው እኮ ሚስትህ ያደረገኝ። ከዚያ ዝም አልክ። መሬቱን ድንጋይ ስታራግፍበት ከዋልክ በኋላ አንድ ቀን አላነሳኸውም። እኔ ዛጎል አገኘሁ፤ አንተ ምንም አላገኘህም። እሱን ነው የማትችለው፤ ሬድዋንን አይደለም።»

ነገሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሀዊ ተነስታ አልሄደችም፤ እጁን ግን አልነካችውም።

ዓይኑ ሲሻለው ከሁሉ በፊት ወደ ማዕከሉ ወጣ። ዶክተር አስቴር ቢሮዋ በር ላይ ቆማ ተቀበለችው።

«አቶ ነገሳ፣ ዓይንዎ ዳነ?»

«ድኗል ዶክተር። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስንት ጊዜ የደከምንበትን ሥራ ነው ያበላሹብን። ዛጎሎቹ ተደባልቀው የትኛው እንደታጠበ አይታወቅም፤ ሁሉንም ጣልነው። ቁልፉን ባለማሠራቴ እኔም ጥፋት አለብኝ፤ አሁን አሠርቼዋለሁ። ያለ ፈቃድ ግን በዚያ በር ሁለተኛ እንዳይገቡ።»

«አልገባም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሬድዋንን ያገኘው ከግቢው ጀርባ፣ የተገለበጡትን ሳፋዎች ሲያጥብ ነው። ነገሳ ጥቂት ቆሞ ካየው በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ አንዱን ሳፋ አነሳ። ጎን ለጎን አጠቡ።

«በደልኩህ» አለ ነገሳ።

ሬድዋን ውሃውን ደፋ። «ቅናት እንግዳዬ አይደለም» አለው። «እኔም በሀዊ እቀናለሁ።»

ነገሳ ማጠቡን ትቶ አፈጠጠበት። ሬድዋን ግን አላየውም፤ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው።

«እዚህ የገባሁት ከሷ በፊት ነው። መብራቶቹን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ዛጎሎቹ ግን ለሷ ነው የሚከፈቱት፤ ቢታመሙ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት። አሁን ሐይቁ ዳር ትንሽ ጣቢያ ሲተከል ማን ይምራው ተባለ፤ ዶክተሯ ሀዊን መረጠች። እኔ ዕቃውን ገጥሜ ልመለስ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው፤ ለሷ እንዳትነግራት።»

ነገሳ ሳፋውን አስቀመጠ። «ሐይቅ? የቱ ሐይቅ?»

ሬድዋን ቀና አለ። ያመለጠው ነገር ምን እንደሆነ የነገሳን ፊት ሲያይ ገባው። «አልነገረችህም?»

አልነገረችውም። ቤት እስኪደርስ ድረስ ነገሳ በየመንገዱ ያንን ቃል አላመጠ። ከሚስቱ አፍ መስማት የነበረበትን ከዚያ ሰው አፍ ሰማው። የተኛው ሁሉ ተነሳበት። እሷ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ሐይቅ ልትሄጂ ነው አሉ።»

ሀዊ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «ክረምቱ እስኪያልፍ ነው። ገና እሺ አላልኩም። ልነግርህ ፈርቼ ነው።»

«እኔን ፈርተሽ?»

«አንተን ፈርቼ» አለች፤ ዓይኑን እያየች።

ነገሳ ከበሩ ፈቀቅ አለ። ብዙ ስድብ ቢወርድበት እንደዚያ አይሰማውም ነበር። ወይዘሮ ጂቱ ከውስጥ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ወጥተው በሀዊና በልጃቸው መሃል ቆሙ።

«ስማኝ ነገሳ» አሉት። «አባትህ መሬቱ ሲሄድ ሞፈሩን አቅፎ ነው የተኛው። የያዘውን ሥራ የነጠቁት ሰው ምን እንደሚሆን በዓይንህ አይተሃል። ይህችን ልጅ አንተ ነህ ያስተማርካት፤ አሁን ተመልሰህ ልታስቀራት ነው? ፀዲን እኔ አለሁላት። ቀንድ አውጣውም ቢሆን በላተኛ አለው ይባላል፤ እኔ እንኳ አልቀምሰውም።»

ነገሳ ያን ዕለት እሺም እንቢም አላለም። ቀናት አለፉ። ሀዊም አልጠየቀችውም፤ ማሸግም አልጀመረችም። አንድ ጧት ሰርቪሱን ሊያስነሳ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ሻንጣሽ ዚፑ ተበላሽቷል፤ ላሠራልሽ» አላት። እሺታው እሱ ነበር። ሀዊ ገብቷት ሻንጣውን አወረደችለት።

ከመሄዷ በፊት ማዕከሉ እንደገና ያጠበው ዛጎል ውጤት መጣ። ፀረ ተባዩ ሊበላ ከሚችልበት ልክ በታች ወርዷል። ዶክተር አስቴር ደስ ብሏት የሠራተኞቹን ቤተሰቦች ምሳ ጠራች። ነገሳ ሄደ። ዛጎሉ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ቀረበ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲተያይ ነገሳ አንዱን አንስቶ ጎረሰ፤ ብዙ አኘከ።

«እንዴት ነው?» አለችው ሀዊ፤ ቆማ እያየችው።

«ጎማ ነው የሚመስለው» አለ፤ እውነቱን ነበር። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሀዊም ሳቀች፤ ስትስቅም ከሱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ቀጥሎ ግን ከሬድዋን ጋር ተያየች፤ አብረው የለፉበትን የሚያውቁ ሰዎች የሚተያዩት ዓይነት ነበር። ነገሳ አየው። ሳህኑን አስጠግቶ ሌላ ዛጎል አነሳና እሱንም አኘከ።

የሄዱ ቀን የማዕከሉ መኪና አያት ሰፈር፣ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ወሰዳት። ነገሳ በካርቶን የታሸጉትን አምፖሎች እንዳይሰበሩ በብርድ ልብስ እየጠቀለለ ከሬድዋን ጋር ጫነ። ሀዊ ፀዲን ስማ፣ ወይዘሮ ጂቱን ስማ፣ ወደ ነገሳ መጣች። ክፍሉ ውስጥ እጇን ከያዘባት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን በገዛ እጇ ያዘችው።

«ትደውላለህ» አለችው።

«እደውላለሁ።»

«ሃያ ጊዜ አይደለም።»

«እሺ፤ ሃያ ጊዜ አይደለም።»

ያን ምሽት ደወለ። ሐይቁ ከምታርፍበት ቤት እንደሚታይ፣ ነፋሱ እንደሚያስቸግር፣ አስጋሪዎቹ ዛጎል በጆንያ ሞልተው እንዳመጡላቸው ነገረችው። ድምፅዋ ያን የበራ ፊት የያዘ ድምፅ ነበር፤ ባያየውም አወቀው። ከኋላዋ ሬድዋን «ሀዊ፣ መፍቻውን የት አደረግሽው?» ሲል ሰማ። ነገሳ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዞረው።

«አለህ?» አለችው።

«አለሁ። መፍቻውን ስጪው» አላት። «ከዚያ ስለ ውሃው ጨርሺልኝ።»

ሰጠችውና ተመለሰች፤ ረጅም አወራችለት። ስልኩ ሲዘጋ ወይዘሮ ጂቱ ራት አቅርበው ነበር። ነገሳ አልራበኝም ብሎ ገብቶ ተኛ። በማግስቱም ደወለ፤ አንዴ ብቻ።